ስፕሊት አየር ማቀዝቀዣ ከወራት በኋላ፦ ከማሽኑ ይልቅ ስለ ገጠማው

ስለ አየር ማቀዝቀዣ የሚነበበው አስተያየት አብዛኛው ማሽኑ በተገጠመ በሳምንቱ የተጻፈ ነው። በሳምንቱ ደግሞ የማያቀዘቅዝ ማሽን የለም። የእኔ ባለ 12,000 ቢቲዩ (በሰዓት የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኢንቨርተር (ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚቀያይር) ስፕሊት (የውስጡና የውጭው ክፍሉ ተለያይተው በቱቦ የሚገናኙ) ግን የሙቀቱን ወራት ጨርሶ ወደ እርጥበታማዎቹ ተሻግሯል፤ አሁን ቢመሰገንም ቢወቀስም ይገባዋል።

ክፍሉ 18 ካሬ ሜትር የሥራ ክፍል ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በሰፊው መስኮት ትገባበታለች፤ ሁለት ኮምፒውተሮችም ቀኑን ሙሉ ይሠሩበታል። በልምድ እንደሚባለው ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ያህል ከተያዘ 10,800 ይመጣል፤ ለፀሐዩና ለኮምፒውተሮቹ ጥቂት ሲጨመርበት 12,000 ይደርሳል። ሻጩ «ለማንኛውም» እያለ ባለ 18,000 ሊያስይዘኝ ሞክሮ ነበር። ከክፍሉ በላይ የሆነ ማሽን ግን፣ በተለይ ኢንቨርተር ካልሆነ፣ አየሩን በቶሎ ያቀዘቅዝና እርጥበቱን ሳያወጣ ይቆማል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚያጣብቅ ክፍል የሚፈጠረው እንዲህ ነው። 12,000 ቢቲዩ ወደ 3.5 ኪሎዋት የሚጠጋ የማቀዝቀዝ አቅም ነው እንጂ የኤሌክትሪክ ፍጆታ አይደለም። የሚስበው ኃይል ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ወደ ገጠማው ልምጣ፤ የማሽኑ ዕድሜ የሚወሰነው እዚያ ነውና። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ገጣሚ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ከማሽኑ ጥቂት ጋዝ ለቅቆ ሊያስወጣው አሰበ። ፈጣን ነው፤ ለእርሱ። እርጥበቱ ግን ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ጋዙን ከሚጨምቀው ሞተር፣ ከኮምፕሬሰሩ፣ ዘይት ጋርም ይዋሐዳል። በዚያ ላይ የእኔ ማሽን ጋዝ አር-32 ነው፤ በመጠኑም ቢሆን ተቀጣጣይ ነው። አመስግኜ ሸኘሁትና የቫኪዩም ፓምፕ ያለው ሌላ ባለሙያ ፈለግኩ። ይኼኛው አየሩን በፓምፑ ስቦ ካወጣ በኋላ ፓምፑን ዘግቶ የግፊት መለኪያውን ሲጠብቅ አየሁት። ንባቡ ተመልሶ ከወጣ ወይ ቱቦው ያፈስሳል፣ ወይ እርጥበት ቀርቶበታል ማለት ነው።

የመዳብ ቱቦውንም ሲቆርጥ የጠርዙን ቅርፊት አጽድቶ፣ ጫፉን እንደ ጥሩንባ አፍ አስፍቶ፣ ማሰሪያውን ልኩን በሚያሳይ መፍቻ አጠበቀው። የጋዝ መፍሰስ በብዛት የሚጀምረው ከዚህ መገጣጠሚያ ነው። ሁለቱን ቱቦዎች ለየብቻ በሙቀት መከላከያ አለበሳቸው፤ የግድግዳውንም ቀዳዳ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል አድርጎ ቦረቦረው። የውኃ መውረጃው ቱቦ መንገዱን ሁሉ ቁልቁል ካልሄደ ውኃው የሚመለሰው ወደ ቤት ነው። ለማሽኑ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመርና ብሬከር ተዘረጋለት። የውጭው ክፍል ከግድግዳው ተራርቆ የጎማ ማረፊያ ላይ ስለተቀመጠ ንዝረቱ ወደ ቤት አልተሻገረም።

አጠቃቀሙስ? 25 ዲግሪ ላይ አድርጌው እረሳዋለሁ። ኢንቨርተሩ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል፤ እንደ ድሮዎቹ እየጠፋ እየተነሣ አይረብሽም። እንግዶቼ ገብተው 16 ላይ ያወርዱታል። ክፍሉ ሲግል ማሽኑ በ25ም ቢሆን አቅሙን አሟጥጦ ነው የሚነሣው፤ 16 ማቆሚያውን ከማራቅ በቀር ብዙም አይፈይድም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ያህል ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ኮምፕሬሰሩ የጋዙ ግፊት እስኪመጣጠን እየጠበቀ ነው።

ወቀሳዬ ሁለት ነው። ሪሞቱ በተነካ ቁጥር ማሽኑ ይጮኻል፣ ድምፁንም ማጥፊያ የለውም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ማሽኑ ባለበት ክፍል ሌሊት ተኝተው አያውቁም። ሁለተኛው ሽታ ነው። በእርጥበታማዎቹ ወራት ሲነሣ የሻገተ ጨርቅ የሚሸት አየር ይነፋ ነበር። ከማጥፋቴ በፊት ማራገቢያውን ብቻ ጥቂት ደቂቃ ማስኬድ ስጀምር የውስጡ ክፍል እየደረቀ ሽታው ቀረ። ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ በውኃ አጥቤ በጥላ አደርቀዋለሁ፤ አቧራ ሲይዝ የነፋሱ ድካም ወዲያው ይታወቃል።

«በየዓመቱ ጋዝ ይሞላ» የሚሉ ጠጋኞችን በተመለከተ፦ ጋዙ የሚዞረው በዝግ መስመር ውስጥ ነው፣ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ቦታው ሳይጠገን መሙላት ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ ነው። አር-32 ደግሞ ከቀድሞው አር-410ኤ ቢሻልም በ100 ዓመት ሲሰላ አየር ንብረትን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 675 እጥፍ ነው።

ለመኝታ ቤቱ ባለ 9,000 ቢቲዩ ልጨምር አስቤአለሁ። ማሽኑን ገና አልመረጥኩም፤ ገጣሚውን ግን ቀጥሬዋለሁ።