በራስ የመጣ ሚውቴሽን ወይስ ከሌላ የተቀበሉት ጂን?

የሆስፒታል ባክቴሪያዎች መድኃኒት የሚለምዱባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ በራሳቸው ዲኤንኤ ላይ የሚፈጠር ለውጥ፣ ማለትም ሚውቴሽን ነው። ሌላው ከሌላ ባክቴሪያ የሚቀበሉት ጂን ነው።

ሚውቴሽኑን ቀረብ ብለን እንየው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ የሚያጠቃው ጋይሬዝ የተባለውን ኢንዛይም በመያዝ ነው። ጋይሬዝ የዲኤንኤውን ጥምዝ የሚያስተካክል ነው። በዚህ ኢንዛይም 83ኛ ቦታ ላይ ያለው ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ሉሲን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ሲተካ፣ መድኃኒቱ እንደ ልቡ መያዝ ያቅተዋል። ለዚህ የአንዲት የዲኤንኤ ፊደል መቀየር ይበቃል! ሌሎች ሚውቴሽኖች ሲደመሩበት ደግሞ መቋቋሙ እየበረታ ይሄዳል። ለውጡ በዋናነት የሚተላለፈው ከእናት ሴል ወደ ልጅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግን ዘር አይመርጥም። ጂኑ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ኤንዲኤም-1 የተባለውን ጂን እንውሰድ። ለከባድ ኢንፌክሽን የሚሰጡትን ካርባፔኔም የተባሉ አንቲባዮቲኮች የሚሰባብር ኢንዛይም ያሠራል። ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ይህን ጂን ለኢ. ኮላይ ማቀበል ይችላል። አንዷ ፕላዝሚድ የብዙ መድኃኒቶችን መቋቋሚያ አንድ ላይ ልትሸከምም ትችላለች። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት ስንሰጥ፣ ሳናስበው የሌሎቹንም መቋቋሚያ ልናበዛ እንችላለን።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ በአንድ ዋርድ ውስጥ ከዝርያ ዝርያ ይዘላል። ሚውቴሽንን ግን መናቅ አይገባም። የቲቢ ባክቴሪያ ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚቋቋመው ጂን ተቀብሎ ሳይሆን በራሱ ሚውቴሽን ነው። የቲቢ መድኃኒቶች ተጣምረው የሚሰጡትም አንዱን ያመለጠ ባክቴሪያ በሌላው እንዲያዝ ነው።