ዘይት ለምትበላ የድሮ ኮሮላ፦ «ሞተር ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ተክለ ሃይማኖት፣ ወደ ሶማሌ ተራ በሚያስገባው በኩል ለሚሠሩት አንጋፋ መካኒክ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ስማቸውና ስልካቸው እዚህ እንዳይለጠፍ ስለጠየቁ ለፈለገ ሰው በውስጥ መስመር እንልካለን። አሠራራቸውን ግን በዝርዝር እንጽፋለን፤ ሌላ ጋራዥ የሚሄድም ምን መጠየቅ እንዳለበት ይወቅ።

የሠሯት መኪና የ2002 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 1ዜድዜድ። በ1,000 ኪሎ ሜትር 800 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ትበላለች፣ የማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) አፍም ጥላሸት ለብሷል። አንድ ጋራዥ ጭሱን እንዳየ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» ብሎ ነበር።

አንጋፋው መካኒክ ግን መፍቻ ሳያነሱ ጣታቸውን ማርሚታው ውስጥ አስገቡ። እንደ ከሰል ዱቄት ደርቆ የሚበን ጥላሸት የሚመጣው ከተትረፈረፈ ቤንዚን ነው፤ እርጥብ ሆኖ ጣት ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ከዘይት ነው። በዚህች ላይ ሁለቱም ነበሩ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱን ችግር አንድ አድርጎ እያየ።

የደረቁ ጥላሸት መነሻ ተርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለማቀዝቀዣው ውሃ የሚከፈተው ቫልቭ) ነበር። ክፍት ሆኖ ስለተጣበቀ ሞተሩ በደንብ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። አዲሱን ከመግጠማቸው በፊት ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ከተውት፣ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲከፈት አሳዩ። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሙከራው እዚህም ይሠራል።) የካርቡራቶሪ (ቤንዚንና አየር በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ የሚቀላቅል) መኪና ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ለባሕር ጠለል የተመጠነ ካርቡራቶሪ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ስለጠቆረ ብቻ ሞተሩ አልቆለታል ማለት አይደለም።

ወደ ዘይቱ ሲመጡ መጀመሪያ የፈተሹት ወደ ውጭ የሚፈሰውን ነው፦ የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የካንዴላዎቹን ጉድጓድ፣ በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ የሰንሰለት መወጠሪያውን ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ)። ይህች ኦሪንግ ከሞተሩ ጀርባ ተደብቃ ታንጠባጥባለች፤ ስንቱ ሞተር በእሷ ጥፋት ተፈትቷል።

ከዚያ መንገድ ወጡ። ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ወረዱና ታች ሲደርሱ ረገጡ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ወጣ። እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩ በኃይል ስለሚስብ ያለቀ የቫልቭ ሲል (በቫልቩ ዘንግ ላይ ዘይት የሚያግድ ጎማ) ካለ ዘይት ወደ ውስጥ ያስገባል፤ የተጠራቀመውም ነዳጅ ሲረገጥ ይቃጠላል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ አጭሶ የሚተው፣ ወይም መብራት ላይ ረጅም ሚኒሞ ከቆየ በኋላ ሲነሳ የሚያጨስ መኪናም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። ነዳጅ እስከተረገጠ ድረስ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻ ያደላል።

የኮምፕረሽን (በሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት) ልኬቱ በሞቀ ሞተር፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጅ ተቋርጦ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ነው። ጌጁ 158፣ 160፣ 155፣ 159 ፒኤስአይ አነበበ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው፤ በእኛ ከፍታ የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ንባቡም ዝቅ ይላል፤ ይህን ሳያውቁ ደህና ሞተር የሚፈርዱበት አሉ። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 ካልበለጠ ጥሩ ነው። በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ሲለኩም ንባቡ ብዙ አልጨመረም፤ የላይኛው ፋሻ ያለቀ ቢሆን ይጨምር ነበር።

«እንግዲያው ፋሻው ንጹሕ ነው» ብለው ግን አልደመደሙም፤ በጣም የወደድንላቸውም ይህንን ነው። ኮምፕረሽን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለት ፋሻዎች ናቸው፣ ዘይት የሚጠርገው ሦስተኛው። የ1ዜድዜድ ቀደምት ፒስተኖች የዘይት መመለሻ ቀዳዳቸው ጠባብ ስለሆነ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ሦስተኛው ፋሻም ይጣበቃል። ያኔ ኮምፕረሽኑ አምሮ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። ስለዚህ ካንዴላዎቹን አዩ፤ ዝቃጩ በአንድ ጎን ብቻ ነበር። ከፋሻ ቢሆን ዙሪያውን ይለብስ ነበር። ፒሲቪ ቫልቩንም (የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስተነፍሰውን) አውጥተው ነቀነቁት፤ ኳ ኳ ማለት ሲገባው ዝም አለ፣ ተደፍኗል።

ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሳይወርድ 16ቱን የቫልቭ ሲሎች ቀየሩ። ፒስተኑን ላይ አድርሰው፣ ቫልቮቹ ወደ ውስጥ እንዳይወድቁ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ሞልተው ነው የሠሩት። የማስገቢያና የማስወጫ ሲሎች ቀለማቸው ይለያያል፣ አይቀያየሩም። ዘይት ሳይቀባ ደረቁን የተገጠመ ሲል ከንፈሩ በቶሎ ይቀደዳል። በፒንሳ አጣሞ መንቀልም ጋይዱን (የቫልቩ ዘንግ የሚሄድበትን ቱቦ) ይጭራል።

ወፍራም 20ደብሊው-50 ዘይት ጨምሩበት ያሏቸውንም አልሰሙም፤ ጭሱን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ አያድንም፣ ጠዋት በቀዝቃዛም ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። 5ደብሊው-30 ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ሞሉና መኪናዋን በ1,000 ኪሎ ሜትር መልሰው አስመጡ። የጎደለው 200 ሚሊ ሊትር ነው። ዜሮ አይሆንም ብለው አስቀድመው ተናግረዋል፤ ፋሻው ላይ ትንሽ ካርቦን ሳይኖር አይቀርም፣ በየሁለት ሳምንቱ ሊቬሎ (የዘይቱን መጠን) ማየት ግድ ነው።

ለመሄድ ያሰበ ይህን ይወቅ። የምርመራ ዋጋ ለብቻው ያስከፍላሉ፣ ሥራውን እሳቸው ከሠሩት ይቀንሱታል። ናፍጣ አይነኩም። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ «በአንድ ሰዓት ጨርሱልኝ» የሚል ሰው ባይሄድ ይሻላል። በጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ውሰዱላቸው፤ ዋዜማውን ማርሚታውን አትጥረጉ፣ ዘይትም አትጨምሩ፣ ማየት የሚፈልጉት እሱኑ ነው።