የ1932 ፎርድ ሆት ሮድ ኪት፦ ሬቬል ወይስ ኤኤምቲ? የጣሳ ስፕሬይ ወይስ ኤርብራሽ?

«የፕላስቲክ ሆት ሮድ ኪት ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» የሚል ጥያቄ ከጓደኛም ከዘመድም አይቋረጥም። ሆት ሮድ ሞተሩ የተጠናከረ የድሮ መኪና ነው፤ ኪቱ ደግሞ ከፕላስቲክ ክፍሎች በእጅ የሚገጣጠም ትንሽ ሞዴሉ። መልሱ አጭር ነው። ሬቬል የተባለው ኩባንያ በ1/25 መጠን (ከእውነተኛው 25 ጊዜ አሳንሶ) የሚያወጣውን የ1932 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ግዙ፤ ቦዲውን በጣሳ ላከር (ቶሎ በሚደርቅ ስፕሬይ ቀለም) ቀቡት። የሌላው ኩባንያ የኤኤምቲ ኪት በቅናሽ ቢገኝ፣ ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚነፋ ብዕር መሰል መሣሪያ) ከነኮምፕሬሰሩ በ40 ዶላር ቢቀርብ እንኳ፣ ለጀማሪ ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚያስወጡት ገንዘብ ይበልጣል።

ከዋጋው እንነሳ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ የታሸጉት የሁለቱም ኩባንያዎች ኪቶች በአብዛኛው ከ25 እስከ 40 ዶላር ይሸጣሉ። የአምስት ዶላር ልዩነት አይታችሁ አትወስኑ፤ ገንዘቡን የሚበላው ከሳጥኑ ውጭ ያለው ነው። ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚነፋው መነሻ) ከ10 እስከ 15 ዶላር፣ የቀለም ጣሳ 10 ዶላር ገደማ፣ ክሊር (በቀለሙ ላይ የሚነፋው ቀለም አልባ መሸፈኛ) ሌላ 10፣ የታሚያ ኩባንያ ቀጭኑ ማጣበቂያ (40 ሚሊ ሊትር፣ አረንጓዴ ክዳን ያለው) ከ5 እስከ 7፣ ቢላና የብርጭቆ ወረቀት 10። ኪቱን ሳይጨምር ወደ 50 ዶላር ይጠጋል። ክፍሎቹ በደንብ የማይገጥሙ ከሆነ ደግሞ ስቱኮ ይጨመራል፣ ሁለተኛ የፕራይመር ጣሳ ይጨመራል፤ ተበላሽቶ እንደገና የሚቀባ ቦዲ ካለ ሁለተኛ የቀለም ጣሳም ይጨመራል። በሳጥኑ ላይ የተረፉት አምስት ዶላሮች ሃያ ሆነው ይወጣሉ።

ኤኤምቲ ዛሬ ራውንድ ቱ በተባለ ኩባንያ ሥር የሚወጣ ስም ነው። የድሮ ሆት ሮዶቹ ሳጥን አዲስ፣ ሥዕሉም የሚያምር ነው፤ ክፍሎቹ የሚቀረጹበት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ግን መሠረቱ ወደ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚመለስ ነው። ሞልድ ሲያረጅ ሁለቱ ግማሾቹ በደንብ አይዘጉም፤ ፕላስቲኩ በመሃል ሾልኮ በየክፍሉ ጠርዝ ላይ ስስ ትርፍ ይተዋል። ይህን ቢላ ያነሳዋል። የባሰው የመጋጠሚያ መስመሩ ነው፤ በጣሪያውና በፓራፋንጎው ላይ ያልፋል፣ ከቀለም በፊት ካልጠፋ በክሊር ሥር ጎልቶ ይታያል። በዚያ ዘመን ብዙ ኪቶች ላይ ማርሚታው ከሻንሲው ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ጎማዎቹንም ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ የብረት ዘንግ ይይዛቸዋል። ማርሚታውን ለብቻ ለመቀባት ብሩሽ ይዞ መንቀጥቀጥ ግድ ይሆናል። የኤኤምቲን መልካም ጎን መካድ አይገባም፤ ዲካሉ (በውሃ የሚለጠፈው ሥዕልና ጽሑፍ) ብዙና ጥሩ ሕትመት ነው፣ ትርፍ ክፍሎችም ይሰጣል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ኪት አድርጎ ለሚገዛ ሰው ሀብት ነው።

የሬቬሉ 1932 ፎርድ ሞልድ ከ1990ዎቹ የመጣ ነው፤ ልዩነቱም እጅ ላይ ይታወቃል። ሻንሲው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አራቱም ጎማ መሬት ይነካል። ለጥገና ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ሮድስተሩም (ጣሪያ አልባው) ኩፔውም (ጣሪያ ያለው) የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ የአንዱ የተሰበረ ክፍል ከሌላው ይተካል። ከሌላ ኪት ቸርኬ ወይም ሞተር ለመዋስ የሚያስብ ግን መጠኑን ይይ። እውነተኛው መኪና ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 106 ኢንች ነው፤ ይህ በ1/25 10.8 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/24 11.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አራት ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ሻንሲና ቦዲ ስታዋህዱ ግን አታላውስም።

ከሬቬሎቹም ቢሆን መጀመሪያ ኩፔውን ግዙ እንጂ ሮድስተሩን አትግዙ። የሮድስተሩ የፊት መስታወት ፍሬም ቀጭን ነው፤ ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ክፈፍ ሲቆረጥ ይሰበራል። ጣሪያ ስለሌለውም የውስጡ ጉድለት ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል።

ክሮሙ ላይ ሁለቱም ኩባንያዎች እኩል ያስቸግራሉ። ክሮም የተባለው በቫክዩም የተለበጠ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ማጣበቂያ አይይዘውም። የሚጣበቅበትን ቦታ በቢላ ጫፍ ፍቁት፤ ካልተፋቀ ራዲያተሩም መብራቱም በሳምንቱ ይወድቃል። ክፍሉ ከክፈፉ የተቆረጠበት ቦታ ደግሞ ባዶ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከተቻለ በማይታየው ወገን ቁረጡ። ክሮሙ ጨርሶ ካላማራችሁ በረኪና ውስጥ ንከሩት። አንዳንዱ በደቂቃዎች፣ አንዳንዱ በሰዓታት ይለቃል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ከተለቀቀ በኋላ በሞሎቶው ኩባንያ ክሮም ብዕር መቀባት ይቻላል፤ በላዩ ክሊር ከተነፋ ግን ብልጭታው ይጠፋል።

አሁን ወደ ቀለሙ። ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ የታሚያ ቲኤስ (የላከር ስፕሬይ) ጣሳ ሁለት የ1/25 ቦዲ በደንብ ይቀባል፤ ለአንድ መኪና አምስት ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። በርካሹ ኤርብራሽ ግን ተጠንቀቁ። ከ30 እስከ 60 ዶላር የሚሸጡት ኮምፕሬሰር ያላቸው ስብስቦች አብዛኞቹ የታወቁ የጃፓን ሞዴሎች ቅጂ ናቸው። ውስጣቸው ያለው የጎማ ቀለበት ለላከር ቲነር የተሠራ ስላልሆነ ያብጣል፤ ከዚያ ምላጩ ይጣበቃል ወይም አየር ያፈሳል። የመርፌው ጫፍ አንዴ ከታጠፈ ቀለሙ ይተፋል፤ መለዋወጫ ሲፈለግ ደግሞ የዋናው ኩባንያ ኖዝል (የቀለም መውጫ ጫፍ) ጥርሱ አይገጥምም። ዋናውን ለመግዛት ከነኮምፕሬሰሩ 200 ዶላር ማለፍ ግድ ነው፤ አሥር መኪና ለመሥራት ለቆረጠ ሰው ያዋጣል፣ ለአንድ መኪና አያዋጣም።

በጣሳ ሲቀባ የሚሆነው እንዲህ ነው። ክፍሎቹን ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፤ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ካለ ቀለሙ ይሸሻል። የመጋጠሚያ መስመሮቹን በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አጥፉ፣ በ600 እና በ1000 አለስልሱ። ሁለት ስስ ፕራይመር ንፉ። ከዚያ የቀለሙን ጣሳ 40 ዲግሪ በሚሆን ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምር ቀለሙ ደቅቆ ይወጣል። እሳት ላይ ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ በፍጹም አታስጠጉት፣ ይፈነዳል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ መንፋቱን ከቦዲው ውጭ ጀምራችሁ ከቦዲው ውጭ ጨርሱ። የመጀመሪያው ዙር አቧራ ያህል ብቻ ይሁን፤ 15 ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛው፣ ከዚያም እርጥብ ብሎ የሚያበራው ሦስተኛው ይከተል። ከሩቅ ከተነፋ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ ይወድቅና ፊቱ ብጉር ብጉር ይላል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ላከሩ ነጭ ጉም ይለብሳል፤ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ላይ አትቀቡ፣ ፀሐይ የወጣበትን ረፋድ ጠብቁ።

ሦስት ነገር አትርሱ። ኤናሜል (ቀስ ብሎ የሚደርቅ የዘይት ቀለም) ላይ ላከር ከተነፋ የሥሩ ቀለም ይጨማደዳል፤ ላከር ላይ ኤናሜል ግን ችግር የለውም። ኪቱ በቀይ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ቀዩ በነጭና በቢጫ ቀለም ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ መጀመሪያ ብርማ ቀለም አልብሱት። ቲኤስ-13 ክሊር ደግሞ ወፍሮ ከተነፋ ዲካሉን ይበላዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በጣም ስስ ይሁኑ።

ወደ አዲስ አበባ ሰው ሲመጣ «ቀለሙንም አብረህ አምጣልኝ» ማለት አይሠራም። ስፕሬይ ቀለምና ቲነር ተቀጣጣይ ስለሆኑ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም አይፈቀዱም። ኪቱና የብርጭቆ ወረቀቱ ይምጣ፤ ቀለሙ ከመኪና ቀለም ቤት ይገዛ። የመኪና ቲነር ግን ለላሜራ የተሠራ ብርቱ ነገር ነው፤ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ፊቱን ይሰነጣጥቀዋል። በሚጣለው ክፈፍ ላይ ሞክሩት፤ ካልበላው ከሻንሲው ሥር ሞክሩት፣ ከዚያ ቦዲውን። ለብረት የሚሸጠው ፀረ ዝገት ቀለም ፕራይመር አይሆናችሁም፤ ወፍራም ስለሆነ የበሩንና የኮፈኑን መስመር ይደፍናል። መስታወቶቹን በሱፐር ግሉ አታጣብቁ፣ ጢሱ ነጭ ያለብሳቸዋል፤ የአናጺ ነጭ ኮላ ይበቃል።

ያገለገለ ወይም የተከፈተ ሳጥን በ15 ዶላር ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የውስጡን ፎቶ ጠይቁ። ክፈፎቹን በመመሪያው ቁጠሩ፣ ዲካሉ ቢጫ መሆን አለመሆኑን እዩ። በተለይ የጎማዎቹን ቦታ እዩ፦ የድሮ ጎማዎች ውስጥ ያለው ማለስለሻ ዘይት የነካውን ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ያቀልጠዋል። ጎማው መስታወቱ ላይ ተኝቶ ዓመታት ከቆየ ክብ ጠባሳ ይተዋል፤ ያን ጠባሳ የሚያወጣ ፖሊሽ የለም፣ ሻጩ ዋጋ ቢቀንስም ተዉት።