የዊ ዩ ጌምፓድ፦ ጥሩ ነው፣ ግን ከቤት አይወጣም

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለው ቤታችን ቴሌቪዥኑ አንድ ነው። ማታ እማዬ ድራማዋን ከከፈተች ጌም የለም። ዊ ዩ የሚባለው የጌም ማሽን መቆጣጠሪያ፣ ጌምፓዱ፣ ግን የራሱ 6.2 ኢንች ስክሪን አለው፤ ብዙዎቹን ጌሞች እዚያው ላይ እጫወታለሁ። ማሽኑን የሠራው ኒንቴንዶ ይህን በ2012 እ.ኤ.አ. ማሰቡ ይገርመኛል።

ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል፤ እጅ ላይ ግን ደልደል ብሎ ይቀመጣል። ስክሪኑ በጥፍርም በብዕሩም ይታዘዛል። ሁለት ጣት ባንዴ ግን አይገባውም።

ባትሪው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ያንሳል። መብራት ሲጠፋማ ሙሉ ቻርጅ ቢኖረውም ዋጋ የለውም፤ ጌሙን የሚያስኬደው ዋናው ማሽን ነዋ! ለባሕር ዳር ልጅ ይሄ ያናድዳል። ጣና ዳር ይዞት መውጣትም አይታሰብም፤ ከማሽኑ 8 ሜትር ገደማ ሲርቅ ምስሉ ይቆራረጣል። ጓሯችን ያለው ማንጎ ሥር እንኳ አይደርስም።