በወረርሽኙ ዓመት ተራራ መውጣት፦ የአንድ የእግር ጉዞ ማኅበር አገልግሎት ሲገመገም

በአዲስ አበባ እሑድ ጠዋት ወደ እንጦጦ፣ ወደ የረር፣ ወደ መናገሻ ሱባና ወደ ዝቋላ የሚወጡ የእግር ጉዞ ቡድኖች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም በቴሌግራም ጥሪ አስተላልፈው፣ ክፍያውን በባንክ ተቀብለውና መኪና ተከራይተው ነው የሚጓዙት። ይህ ግምገማ ከእነዚህ የአንዱን አሠራር የሚመለከት ሲሆን፣ የሚያተኩረውም የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ባልበረደበት በ2013 ዓ.ም. ማኅበሩ ጉዞዎቹን እንዴት ያዘጋጅ እንደነበረ ላይ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ አስተባባሪዎቹ ከመደበኛ ሥራቸው በሚተርፋቸው ጊዜ የሚደክሙ ሰዎች ስለሆኑ የምሰነዝረው ነቀፌታ በግለሰቦች ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። ያንን ዓመት የመረጥኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰላም በሆነ ጊዜ መኪና ሞልቶ ተራራ ሥር ማድረስ ብዙ ብልሃት የማይጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ በወረርሽኝ ጊዜ ግን አዘጋጁ እያንዳንዱን የጉዞውን ክፍል ለይቶ የቱ እንደሚያሰጋና የቱ እንደማያሰጋ ማወቅ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻም በግማሽ እንዲጭን ተደረገ። ማኅበሩ አዋጁ እስኪያበቃ ድረስ ጉዞውን ሙሉ በሙሉ አቁሞ፣ አስቀድመው የከፈሉትን ሰዎች ገንዘብ ያለ ክርክር መለሰ። በመካከሉ ክረምት ስለገባ መቆሙ ያን ያህል አልጎዳውም ማለት ይቻላል፤ በሐምሌ ጭቃ የረርን የሞከረ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል። እንደገና ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የወረርሽኙ መከላከያ መመሪያ ቁጥር 30/2013 ከወጣ በኋላ ነው። መመሪያው መጨባበጥን ይከለክል፣ ጭምብልን ግዴታ ያደርግ፣ በሰውና በሰው መካከል የሁለት አዋቂ እርምጃ ርቀት እንዲኖርና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሦስት ሰው በላይ እንዳይቀመጥ ያዝዝ ነበር። እነዚህ ድንጋጌዎች ለቢሮና ለካፌ የተጻፉ ስለሚመስሉ፣ ለተራራ ጉዞ እንዴት እንደሚተረጎሙ ማሰብ የአዘጋጁ ድርሻ ነበር።

ማኅበሩ በዚህ ረገድ ያሳየው ማስተዋል ከሁሉም በላይ የሚመሰገንበት ነው። ሌሎች ቡድኖች ጥንቃቄያቸውን ሁሉ በተራራው ላይ ሲያውሉ፣ ማለትም ዳገት ላይ ጭምብል ስለማድረግና በየማረፊያው እጅ ላይ ሳኒታይዘር ስለመርጨት ሲጨነቁ፣ ይህኛው ግን አየር በሚነፍስበት ገላጣ ቦታ ተራርቆ መሄድ ከጉዞው ሁሉ ትንሹ ስጋት እንደሆነ ከመጀመሪያው ተረድቶ ነበር። ስጋቱ ያለው ሰዓት ተኩል በሚፈጀው የመኪና መንገድና ከጉዞ በኋላ በሚቀርበው ምሳ ላይ ነው። ስለዚህ ድካሙንም ወጪውንም ያዋለው በሁለቱ ላይ ነበር።

መኪናውን በተመለከተ፣ ሠላሳ ገደማ ሰው የሚይዘውን ኮስተር ለአሥራ አምስት ሰው ብቻ ይከራዩ ነበር። የወንበር ቁጥር ከስምና ከስልክ ጋር በአንድ ወረቀት ይሰፍራል፤ በመሄጃ የተቀመጡበትን ወንበር በመመለሻ መለወጥ አይቻልም። ይህን ሁሉ ብዙ ቡድን ሊያደርገው ይችላል። ፈተናው የነበረው የመስኮቱ ጉዳይ ነው። የእኛ አገር ተሳፋሪ ንፋስ ይመታኛል ብሎ በግንቦት ሐሩር እንኳ መስኮት ሲያዘጋ የሚውል ነው፤ በኅዳር ጎህ ሲቀድ፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ሰዓት፣ መስኮት ከፍቶ ወደ ሆለታ መንገድ ሂድ ማለት ከጠብ የማይተናነስ ነገር ነው። አስተባባሪዎቹ ጉዳዩን በመኪናው ውስጥ ከመከራከር ይልቅ ዓርብ ማታ በሚልኩት መልእክት አስቀድመው ይጨርሱት ነበር፦ መስኮት በአራት ጣት ያህል ተከፍቶ እንደሚሄድ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት መያዝ ግዴታ እንደሆነ፣ በዚህ የማይስማማ ገንዘቡን መልሶ መውሰድ እንደሚችል። እንዲያም ሆኖ አንዲት ጠና ያሉ እናት ከኋላ ወንበር ሆነው «ልጄ፣ እኔን የሚገድለኝ ኮሮና ሳይሆን ይሄ ንፋስ ነው» ሲሉ፣ ወጣቷ አስተባባሪ ከቦርሳዋ ጋቢ አውጥታ «እትዬ፣ ይኸው ይደርቡት፤ መስኮቱ ግን አይዘጋም» አለቻቸው። እትዬም ጋቢውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተጓዙ፤ ጋቢው ከጭምብላቸው የተሻለ ሳያገለግል የቀረ አይመስለኝም።

በመነሻው ቦታ በሜክሲኮ አደባባይ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስለሚደረገው የሙቀት ልኬት ግን ጥሩ ነገር ለመናገር እቸገራለሁ። ግንባር ላይ እየተነጣጠረ የሚለካው መሣሪያ በብርድ ቆሞ የቆየን ሰው ከትክክለኛው በታች ስለሚያነብ፣ አንዳንዶቻችን 34 ዲግሪ እየተባልን ስንገባ ነበር። በዚያ ሙቀት የሚራመድ ሰው ካለ የሚያስፈልገው ተራራ ሳይሆን ሐኪም ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙ የሠራው የገንዘብ አመላለሱ ደንብ ነው። መጀመሪያ ላይ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል የቆየ ደንብ ነበራቸው፤ ይህም ሌሊቱን ሲያስለው ያደረ ሰው ብሩ እንዳይቃጠልበት ሲል ጉሮሮውን ጠራርጎ እንዲመጣ የሚገፋፋ ነው። አባላት ይህን ካመለከቱ በኋላ፣ ትኩሳት ወይም ሳል አለብኝ ብሎ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የደወለ ሰው ያለ ሐኪም ወረቀትና ያለ ጥያቄ ክፍያው ለሚቀጥለው ጉዞ እንዲተላለፍለት ተደረገ። ከሙቀት መለኪያው ሁሉ ይህች አንዲት አንቀጽ የበለጠ ታማሚ ያስቀረች ይመስለኛል።

የወንበር ቁጥሩ ደንብ የተፈተነበት አጋጣሚም ነበር። ከአንድ የመናገሻ ጉዞ በኋላ በሳምንቱ አጋማሽ አንድ አባል ተመርምሮ ቫይረሱ እንደተገኘበት ለአስተባባሪዎቹ ነገራቸው። እነሱም የወንበሩን ወረቀት አውጥተው በዚያው ምሽት በፊቱ፣ በኋላውና በጎኑ ለተቀመጡት እየደወሉ ለ14 ቀን ራሳቸውን እንዲለዩ፣ ምልክት ከታየባቸውም ለወረርሽኙ ወደተመደበው ነጻ የስልክ መስመር 8335 እንዲደውሉ ነገሯቸው። ለቀረነው ደግሞ የሰውየውን ስም ሳያነሱ አጭር መልእክት ላኩልን። በዚያን ሰሞን የታማሚ ስም ከሰፈር ሰፈር እንደ ወንጀለኛ ስም ይዞር እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ጨዋነት ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ተራራው ስንመጣ፣ በመኪና የመጣው ሁሉ በአንድ ላይ አይነሳም። ቡድኑ በሁለት ይከፈልና በሩብ ሰዓት ልዩነት ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ከፊት መሪ፣ ከኋላ ደጀን አለው። መናገሻ ሱባ ለዚህ አሠራር የተመቸ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው ይህ ደን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ በትውፊት የሚነገርለት ሲሆን፣ ከጽዱና ከዝግባው ጥላ ጀምሮ እስከ ወጨጫ ተራራ ጫፍ፣ እስከ 3,385 ሜትር ድረስ ይወጣል። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ተራርቆ መሄድ አያስቸግርም፤ ጉሬዛዎቹም ሁለቱንም ቡድን እኩል ያስተናግዳሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ይሳሳል፤ በዚያ ከፍታ ዳገት ላይ ጭምብል አድርጎ መተንፈስ ለጤነኛም ሰው ከባድ ነው። መሪዎቹ የያዙት ደንብ ግልጽ ነበር፦ ትንፋሽ ሲበረታ ከሌሎች ራቅ ብሎ ጭምብልን ዝቅ ማድረግ ይፈቀዳል፤ ቆሞ ማውራት ሲጀመር፣ ፎቶ ለመነሳት ሲጠጋጉና የአካባቢው ሰው በመንገድ ሲመጣ ግን ወዲያው ይመለሳል። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ብርቱ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው ጭምብል እንዳያደርግ፣ ይልቁንም ርቀቱን እንዲጠብቅ ከሰጠው ምክር ጋር የሚስማማ ነው።

«የአካባቢው ሰው» ያልኩትን ጉዳይ ላቆየው አልፈልግም፤ ብዙ አዘጋጆች የሚዘነጉት እሱን ነው። በዚያ ዓመት ቫይረሱ ይበልጥ የተሰራጨው በአዲስ አበባ ስለነበር፣ በገጠር ቀበሌ አቋርጦ የሚያልፍ የከተማ ተጓዥ የሚያሰጋው ሌላውን እንጂ ራሱን አልነበረም። ማኅበሩ በአፋፉ ላይ ገዳም ያለበትን ዝቋላን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከመርሐ ግብሩ አስወጥቶት ነበር። በተለይ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ንግሥ ብዙ ምእመን ስለሚወጣ፣ ከወትሮው በእነዚያ ሰሞን የሚደረገውን ጉዞ መሰረዙ ለአዛውንቶቹ መነኮሳትም ለተጓዡም የሚበጅ ነበር። እንጦጦንም በእሑድ ቀን ትተውታል፤ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ተራራው የሰው ጎርፍ ስለሆነ፣ ተራርቆ መሄድ የሚባለው ነገር እዚያ ቀልድ ሆኖ ነበር። በየረር በኩል ግን ጉድለት አይቻለሁ። የአካባቢው ወጣቶች መንገድ ሊያሳዩ ሲመጡ ጭምብል የሚሰጣቸው አልነበረም፤ እኛ የጥንቃቄው ተጠቃሚ ስንሆን እነሱ ከዚያ ውጭ ቀሩ። አንድ ካርቶን ጭምብል ስንት ብር ነውና?

ስለ ምሳው አጭር ልበል። ከወረርሽኙ በፊት ከጉዞ መልስ ሆለታ ወይም ሰበታ ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ተከቦ መብላት፣ መጎራረስም፣ የጉዞው ግማሽ ደስታ ነበር። ማኅበሩ ምግብ ቤቱን ሙሉ በሙሉ አስቀርቶ እያንዳንዱ ሰው ምሳውን ቋጥሮ እንዲመጣና መስክ ላይ ተራርቆ እንዲበላ አደረገ። ከመኪናው ኋላ ቧንቧ የተገጠመለት የውኃ ጀሪካንና ሳሙና ይቀመጣል፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በየግል በትንሽ ከረጢት ታሽጎ ይታደላል። ቡናው እንኳ አልቀረም፤ በፔርሙስ መጥቶ እያንዳንዱ ሰው ይዞት በመጣው ሲኒ ይቀዳ ነበር። የሚያጎርሰው ያጣ ሰው ቅር ማለቱ ባይቀርም፣ አማራጩ ይህ ብቻ ነበር።

ዋናው ነቀፌታዬ መመለሻውን የሚመለከት ነው። ጠዋት ላይ በመኪናው ውስጥ ጸጥታ ነበር፤ ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይከፈታል፤ ዘፈንና ጭፈራ እንደማይፈቀድም በመልእክቱ ተጽፏል። ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ደክሞትና ደስ ብሎት ሲመለስ አንዱ ማጨብጨብ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ጥቂት ሳይቆይ ጭምብሉ ሁሉ አገጭ ላይ ወርዶ መኪናው ሠርግ ይመስላል። በተዘጋ ቦታ ጮክ ብሎ መዝፈን ከንግግር የበለጠ ብናኝ ከአፍ እንደሚያወጣ እየታወቀ፣ ያው ጠዋት ስለ መስኮት ያልተበገሩት አስተባባሪዎች ማታ ላይ አብረው ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ። ሰው እንዳይቀየማቸው መስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን የቀኑን ልፋት ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ሰዓት ነበር፤ ለዚህም አንድ ሰው ሾፌሩ ጎን ቆሞ እንዲቆጣጠር መመደብ በበቃ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ቀድሞ 400 ብር የነበረው የመናገሻ ጉዞ በወረርሽኙ ዓመት 650 ብር ገባ። ጭማሪው ምክንያት ነበረው፤ የመኪናው ኪራይ ያው ሆኖ የሚከፍለው ሰው በግማሽ ቀንሷል፤ የሕዝብ ማመላለሻው በግማሽ ሲጭን ታሪፉ እንዴት እንደጨመረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሒሳቡም ከጉዞው በኋላ በቡድኑ ገጽ ላይ ተዘርዝሮ ይለጠፍ ስለነበር የሚያጉረመርም ሰው አላየሁም። ክትባቱ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. መሰጠት ጀምሮ፣ ከዚያም ሰዉ ቀስ በቀስ እየተዝናና ሲመጣ፣ ኮስተሩ እንደ ድሮው ሙሉ ሰው መጫን ጀመረ፤ በሩብ ሰዓት ልዩነት መነሳቱና የታመመ ሰው ክፍያ መተላለፉ ግን ባሉበት ቀጥለዋል፤ ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ። 650 ብሩም ያኔ አብሮ ቀጥሎ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ከተሞላ በኋላ ሒሳቡ በገጹ ላይ መለጠፉ ስለቀረ፣ ለአዲስ ተመዝጋቢ የምመክረው ከመክፈሉ በፊት የመኪናው ኪራይ ስንት እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚጫን እንዲጠይቅ ነው፤ አስተባባሪዎቹ ሲጠየቁ መልስ የሚነፍጉ ሰዎች አይደሉም።