ማክቡክ ኤር ኤም4 በፎቶ አንሺ ቦርሳ ውስጥ

ለመንገድ የሚሆን ላፕቶፕ የሚፈልግ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቦርሳው ውስጥ የሚገባው ላፕቶፑ ብቻ አይደለም። ቻርጀር አለ፣ ካርድ ሪደር አለ፣ ባክአፕ የሚደረግበት ዲስክ አለ፣ መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ደግሞ ፓወር ባንክ አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣው የአፕል ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ኤር ኤም4 (ኤም4 የቺፑ ስም ነው) 1.24 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 14 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ኤም4 1.55 ኪሎ ነው። ልዩነታቸው 310 ግራም ነው፤ ሁለት የካኖን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንሶችን እንደ መጨመር ማለት ነው። ሁለት ካሜራ፣ ሦስት ሌንስና ፍላሽ ተሸክሞ ቀኑን በእግሩ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። እዚህ የምንመዝነው ኤሩ ይህን ሸክም ሲቀንስ በምላሹ ምን እንደሚያስከፍል ነው።

ትልቁ ዋጋ የካርድ ማስገቢያ አለመኖሩ ነው። ኤሩ በግራ ጎኑ ሁለት የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች፣ አጠገባቸው የማግሴፍ ቻርጀር መሰኪያ፣ በቀኝ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፤ ሌላ የለም። ፕሮው ግን የኤስዲ ካርድ ማስገቢያም ኤችዲኤምአይም በራሱ ላይ አለው። ስለዚህ ኤር የያዘ ሁሉ ካርድ ሪደር መግዛቱ አይቀርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሺህ ዶላር ያለፈ ላፕቶፕ ይገዛና ከመንገድ ዳር ባነሳው ርካሽ ሃብ (ብዙ ቀዳዳ ያለው ማገናኛ) ካርዱን ይገለብጣል። አብዛኞቹ ርካሽ ሃቦች ላይ ያለው የካርድ ቀዳዳ ዩኤስቢ 2 ነው፤ በተግባር በሰከንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ቢያስተላልፍ ነው። በዚህ ፍጥነት የሞላ ባለ 128 ጊጋ ካርድ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጥሩ የዩኤችኤስ 1 (የኤስዲ ካርድ የፍጥነት ደረጃ) ሪደር ያንኑ ካርድ በ24 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። የዩኤችኤስ 2 ካርድና የዩኤችኤስ 2 ሪደር ሲገናኙ ከ9 ደቂቃ በታች ይወርዳል። ካርዱን ገልብጦ ማየት በቂ ነው፦ ዩኤችኤስ 2 ከሆነ ከጀርባው ያሉት ወርቃማ መነኪያዎች በሁለት ረድፍ ናቸው፣ አንድ ረድፍ ብቻ ካለው ግን የፈጣን ሪደር ዋጋ በከንቱ መክፈል ነው። ሪደሩንም ሱቁ ውስጥ ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ በሲስተም ሪፖርት የዩኤስቢ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። «480 ሜጋቢት» የሚል ከወጣ ዩኤስቢ 2 ነው፤ መልሱት። ከ5 ጊጋቢት ጀምሮ ያለው ይሆናችኋል።

ገልብጦ ወዲያው ካርዱን ማጥፋት የብዙ ሥራ መጥፊያ ነው። ፎቶዎቹ ላፕቶፑ ላይና በውጭ ዲስክ ላይ፣ በሁለት ቦታ ይቀመጡ። ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው የተወሰኑትን በሙሉ መጠናቸው ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ካርዱን ፎርማት አድርጉ፤ ያውም በላፕቶፑ ሳይሆን በካሜራው። ለውጭ ዲስክ የሳምሰንግ ቲ7 ዓይነት ትንሽ ኤስኤስዲ 58 ግራም ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ሰበብ አይሆንም። ከማክ ጋር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዲስኩን የማክ በሆነው በኤፒኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ይሻላል። ኤክስፋት ከዊንዶውስ ጋር ያስማማል፣ ግን በመገልበጥ ላይ እያለ ገመዱ ከተነቀለ ፋይል የመበላሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፎርማት) የሆነውን ዲስክ ደግሞ ማክ ያነበዋል እንጂ እንዲሁ አይጽፍበትም። ይህን መስክ ላይ ሆኖ ማወቅ ቀን ያበላሻል።

አሁን ወደ ውስጡ። የኤም4 መነሻው 16 ጊጋ ራም ከ256 ጊጋ ስቶሬጅ ጋር ነው፤ ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 999 ዶላር ነበር፣ ባለ 512ቱ 1,199። ራሙም ስቶሬጁም ቦርዱ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ በኋላ ራም ማስጨመር የሚባል ነገር የለም። 16 ጊጋ ራም በላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ለሚሠራ ይበቃል። ስቶሬጁ ላይ ግን 512ቱን ውሰዱ። በከተራና በጥምቀት ሁለት ቀን 3,000 ፎቶ በሮው (በካሜራው ጥሬ ፋይል) የሚያነሳ ሰው፣ አንዱ ፎቶ 30 ሜጋባይት ቢሆን እንኳ 90 ጊጋ ይዞ ይመለሳል። 256ቱ ላይ ሲስተሙ፣ ፕሮግራሞቹና የላይትሩም ፕሪቪው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ ሁለት አይችልም። ቦታ ካጠረ ዋናዎቹን ፎቶዎች በውጭ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ላፕቶፑ ላይ ስማርት ፕሪቪው (ላይትሩም የሚያዘጋጃቸው ትናንሽ ቅጂዎች) ብቻ መያዝ ይቻላል። የእነዚህ ረጅም ጎን 2,540 ፒክስል ስለሆነ ዲስኩ ሳይሰካ መኪና ውስጥም ቢሆን መምረጥና ቀለም ማስተካከል ያስችላሉ።

ስክሪኑ የኤሩ ጠንካራ ጎን ነው። 2,560 በ1,664 ፒክስል አለው፣ የፒ3ን ሰፊ የቀለም ክልል ይሸፍናል፣ ብርሃኑም 500 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ይደርሳል። ይህን ጠቅሼ የማላልፈው በተመሳሳይ ክብደት የሚሸጡ ብዙ ርካሽ የዊንዶውስ ላፕቶፖች «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚል፣ የቀለም ክልሉ ጠባብ የሆነ ፓኔል ስላላቸው ነው። እንዲህ ባለው ስክሪን ላይ የጥበብ ቀሚስ ጥለቱ ቀይ ፈዝዞ ይታያል፤ ፎቶ አንሺው ቀይ ይጨምርበታል፣ ከዚያ በደምበኛው ስልክ ላይ ቀይው ይጮኻል። ማንኛውንም ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ቢያንስ ኤስአርጂቢ የተባለውን የተለመደ የቀለም ክልል 100 በመቶ መሸፈኑን ጠይቁ።

ጥሩ ስክሪንም ቢሆን ሳይስተካከል ያሳስታል። ኤዲት ስታደርጉ የስክሪኑን ቀለም የሚለውጡት ትሩ ቶንና ናይት ሺፍት፣ እንዲሁም ብርሃኑን እንደየቦታው በራሱ የሚቀያይረው ቅንብር ይጥፉ። ለአልበም የሚሠራ ሰው ስክሪኑን እስከ መጨረሻ አድምቆ ካስተካከለ ከማተሚያ ቤት የሚመጣው ፎቶ ጠቁሮ ይመጣል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማተሚያው አይደለም። ለህትመት የሚመከረው ብርሃን ከ80 እስከ 120 ኒት ነው፤ ይህም ከስክሪኑ አቅም ሩቡ እንኳ አይሞላም። ቀትር ላይ በረንዳ ላይ መሥራት ግን አይሆንም። ስክሪኑ አንጸባራቂ ነው፣ 500 ኒትም ፀሐይን አይችላትም። ውጭ ለመሥራት የግድ ከሆነ ፕሮው ደጅ ላይ እስከ 1,000 ኒት ይደምቃል፤ በተጨማሪ ክፍያ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስክሪንም ይታዘዝለታል።

ኤሩ ፋን የለውም። ጸጥታው ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሆነ ስብሰባ ላይ ደስ ይላል፣ አቧራ የሚምግበት ቀዳዳም የለውም። ነገር ግን 500 ፎቶ በአንድ ጊዜ ኤክስፖርት ሲደረግ ወይም የላይትሩም ዲኖይዝ (የፎቶ ነጠብጣብ ማጥፊያ) ተከታትሎ ሲሠራ ሰውነቱ ይሞቃል፤ ከደቂቃዎች በኋላም ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። አልጋ ላይ ወይም ጋቢ ላይ ካስቀመጣችሁት የባሰ ይሆናል፤ ሙቀቱ የሚወጣው በአልሙኒየሙ ነውና ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። በየቀኑ ሺህ ፎቶ ጨርሶ ማስረከብ ላለበት የሠርግ ባለሙያ ፋን ያለው ፕሮ ይሻለዋል። ለጋዜጣ 20 ፎቶ መርጦ ለሚልክ ሰው ግን ይህ ድካም ጨርሶ አይታወቀውም።

አፕል ራሱ ላፕቶፑ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እንዲሠራ ይላል፤ በሥራ ላይ የተፈተነበት ከፍታም እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። የአገራችን መስክ በሁለቱም ጫፍ ከዚህ ይወጣል። ዳሎል ቀን ላይ 40ን ያልፋል። እዚያ ላፕቶፑን መኪና ውስጥ ዘግቶ መተው ባትሪውን መግደል ነው፤ ሥራውም ቻርጁም ለሌሊትና ለማለዳ ይቆይ። ስሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ኤስኤስዲ ለስሱ አየር ደንታ የለውም። የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ግን የንባብ ጭንቅላቱ በአየር ትራስ ላይ ስለሚንሳፈፍ አየሩ ሲሳሳ ለአደጋ ይጋለጣል፤ ወደ ስሜን ባይወጣ ይመረጣል። ሌሊት ላፕቶፑን ልብስ መሃል ጠቅልሉት። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባም ቦርሳው እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ አለዚያ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል።

ባትሪው 53.8 ዋት ሰዓት ነው። ኩባንያው 18 ሰዓት ቪዲዮ ያሳያል ይላል፤ ላይትሩም ተከፍቶ ስክሪኑ ደምቆ ሲሠራበት ግን ከዚያ በብዙ ያንሳል። ደግነቱ በ30 ዋት ቻርጀር ስለሚሞላ መኪና ላይ በሚሰካ ባለ 45 ዋት የዩኤስቢ ሲ ቻርጀርም ይሞላል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በማስተላለፍ ላይ የሚባክነው ኃይል ሲቀነስ ኤሩን አንድ ጊዜ ይሞላዋል። በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚገባው እስከ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይገባም።

ዊንዶውስ የግድ ለሆነበት የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርቦን 13ኛው ትውልድ ከ1 ኪሎ በታች ይጀምራል፣ የድሮውን ዩኤስቢና ኤችዲኤምአይም ይዟል። ኦሌድ ስክሪን ያለውን ምረጡ። የኤስዲ ቀዳዳ እሱም የለውም።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ኤር ለሚገዛ፦ ኤም1 እና 8 ጊጋ ራም ያለው ለጄፔግ ይሆናል እንጂ ለብዙ ሮው ይጨንቃል። የኤም2 ባለ 256ቱ ስቶሬጅ በአንድ ቺፕ የተሠራ ስለሆነ ከኤም1 እንኳ ቀርፋፋ ነው፤ 512ቱን ፈልጉ። የባትሪውን ዙር (ስንት ጊዜ ሙሉ አቅሙ እንደተሠራበት) ተመልከቱ፤ የተሠራው ለ1,000 ዙር ነው። ነጭ ምስል ስክሪኑን ሞልቶ ይከፈትና የኪቦርዱ ቁልፎች አሻራ መኖሩ ይታይ።

ከሁሉም በላይ ሻጩ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ ፊታችሁ ሰርዞ እንደ አዲስ ያስነሳው፤ በዚያው ጊዜ የእናንተን የስልክ ኢንተርኔት አገናኙት። አንዳንድ ሻጭ «ኢንተርኔት አያስፈልግም» ብሎ ያልፈዋል፤ የድርጅት ንብረት የሆነ ማክ ግን ቁልፉ የሚገለጠው በማስነሳት ላይ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። የቀድሞ ባለቤቱን የአፕል መለያ የሚጠይቅ ወይም «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።