በእንጨት ቃላት የተሞላ የመስቀለኛ ቃላት ጥራዝ፦ ፍንጩ የተሳለበትና የደነዘበት

ጥራዙ ከዳር እስከ ዳር ስለ እንጨት ነው። የዛፍ ስም፣ የአናጢ ዕቃ፣ የጎጆ ቤት አካል፣ የእርሻ ዕቃ፣ ማገዶና ፍም፣ ሁሉም በየሰንጠረዡ ተሰካክቷል። የቃል ምርጫው የሚያስመሰግን ነው። ዛቢያ፣ ሽብልቅ፣ ትርኳሽ፣ ድግር፣ ጉማጅን የመሰሉ፣ ብዙ አንባቢ ሰምቷቸው ጽፏቸው የማያውቅ ቃላት በየገጹ አሉ። ችግሩ ያለው ፍንጩ ላይ ነው፤ አዘጋጁ ዕቃውን ጠንቅቆ የሚያውቅበት ገጽና ከመዝገበ ቃላት ቀድቶ ያለፈበት ገጽ ወዲያው ይለያል።

በፊደላችን መስቀለኛ ቃላት ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለም። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ኳን እና ጧን የመሳሰሉት ሳይቆጠሩ ማለት ነው። አንድ የሰንጠረዥ ቤት ውስጥ የሚገባው ተነባቢው ከነአናባቢው ስለሆነ «ግንድ» ከ«ድግር» ጋር በድ ይገናኛል፣ ከ«ዱላ» ጋር ግን በምንም አይገናኝም። አዘጋጁ ያገኘው መውጫ ሳድስ ነው። የአማርኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ መድረሻው ሳድስ ስለሆነ ቃላቱን በጅራታቸው ያቆላልፋቸዋል። ሰንጠረዡ ቶሎ ይሞላለታል፤ ፈቺው ግን ይጎዳል። ወደ ታች የሚወርደውን መልስ አግኝታችሁ መጨረሻው ር የሆነ ባለሦስት ቤት ቃል ወደ ጎን ቀረላችሁ እንበል። ምሳር ይገባል። ማገር ይገባል። ግራር፣ ሞፈር፣ በትር፣ ድግር፣ ሁሉም ይገባሉ። ያገኛችሁት ፊደል ምንም አልረዳችሁም፤ ሸክሙን ሁሉ ፍንጩ ይሸከማል ማለት ነው። በዋ የሚጀምሩትም እንዲሁ ናቸው፤ ዋንዛ፣ ዋርካ፣ ዋልታ ሦስቱም ባለሦስት ቤት ናቸው።

ፍንጩ ሲሸከም የሚያምርባቸው ቦታዎች አሉ። «በወደቀ ዛፍ ላይ ይበዛል» የሚለው ምሳርን ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ ተረቱን የሚያውቅ ሰው መልሱን ሳያስብ ይጽፋል። «እባብ ያየ ሰው ይበረግግለታል» ሲል ልጥ ነው፣ ሁለት ቤት። «ዛፍ ያወጣዋል፣ ባንክ ይከፍተዋል» የሚለው የቅርንጫፍ ፍንጭ ንጹሕ ነው፤ «ታክሲ ውስጥ ይጮኻል፣ ጣሪያ ላይ ይጋደማል» የሚለው የወራጅ ፍንጭ ደግሞ ከጥራዙ ሁሉ ይበልጣል። ዋልታም «ከማገር ጋር ቤት ይደግፋል፣ ከሰሜን ጋር በረዶ ይለብሳል» ተብሎ ተፈትቷል። እንዲህ ያለ ሁለት ትርጉም ያዘለ ፍንጭ ለፊደላችን በጣም ይስማማል፤ ፊደሉ ያልሰጠውን እርግጠኝነት ሁለተኛው ትርጉም ይሰጣል።

ሽብልቅ ላይም አዘጋጁ ዕቃውን በእጁ የያዘ ሰው ይመስላል። «ግንድ ይፈለቅቃል፣ የላላ ዛቢያ ያጠብቃል» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱ ሽብልቅ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ሲመታ ይሰነጥቃል፤ ትንሹ ደግሞ ምሳሩ ቀዳዳ ውስጥ የገባው የዛቢያ ጫፍ ላይ ሲመታ እንጨቱን አስፍቶ ብረቱ እንዳይወልቅ ያደርጋል። አራቱም ፊደላቱ ሳድስ ስለሆኑ ደግሞ ሰንጠረዥ መሃል ለማስቀመጥ ከዚህ የተመቸ ቃል የለም።

አሁን ወደ ደነዘዙት። «እንጨት የሚበላ ነፍሳት»፣ ሦስት ቤት። ምስጥ ነው ወይስ ነቀዝ? ሁለቱም ይገባሉ፤ የሚሻገር ቃል አንድ ፊደል እስኪሰጥ ድረስ መለያ የለም። ሁለቱን ያየ ሰው ግን በአንድ ቃል ይለያቸዋል። ምስጥ ከአፈር ተነሥቶ የጭቃ ዋሻ እየሠራ ይመጣል፣ ላዩን ትቶ ውስጡን ይቦረቡራል፤ ነቀዝ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ትቶ ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት ያራግፋል። «በጭቃ ዋሻ ይመጣል» ቢባል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር።

«ጥቁር እንጨት» ለሚለው የተሰጠው መልስ ዞጲ ነው። ዞጲ በእርግጥ ጥቁር ነው፤ ግን ጥቁር እንጨት ራሱ የሌላ ዛፍ ስም ነው፣ የዚያ ዛፍ ሳንቃ ደግሞ ቀላ ያለ ነው። «የዞጲ ዓይነት ጥቁር» የሚታየው ቅርፊቱ ላይ እንጂ ውስጡ አይደለም። የዛፍ ስም የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ የማያውቀው ያገኘዋል፤ ፍንጭ ሲበላሽ እንዲህ ነው። ቀርከሃንም «ረጅም ዛፍ» ይለዋል፤ ቀርከሃ የሣር ወገን ነው።

የእርሻ ዕቃው ገጽ ላይ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍና ድግር በትክክል ተለይተዋል። ሞፈር ከቀንበሩ የሚያገናኘው ረጅሙ እንጨት፣ እርፍ ገበሬው የሚጨብጠው፣ ድግር ግራና ቀኝ አፈሩን የሚገልጠው ክንፍ። ማረሻን ከነዚህ ጋር «ከእንጨት የሚሠራ» ብሎ መደመሩ ግን ስሕተት ነው፤ ማረሻ ብረቱ ነው።

የአናጢ ቤቱ ገጽ በጣም ደካማው ነው። ኮምፔንሳቶ «የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት» ተብሏል። በዚህ ፍንጭ ሰው ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ ይጽፋል፣ ትክክልም ነው። ኤምዲኤፍ እንደ ጥጥ የላመ የእንጨት ቃጫ በሙጫና በሙቀት ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ ቺፕውድ ከፍርፋሪ። ኮምፔንሳቶ ግን ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በወርድ አንዱ በቁመት እየተነባበሩ የሚጣበቁበት ነው፤ እንዳይጣመም የንጣፉ ቁጥር 3፣ 5፣ 7 እያለ ጎዶሎ ይሆናል። «ጎዶሎ ንጣፍ፣ መስቀልኛ ቃጫ» ቢባል አጭርም ግልጽም ነበር። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ኮምፔርሳቶ ብሎ ስለሚጽፈው አራተኛው ቤት ላይ ን ነው ር የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ የሚሻገረው ቃል እዚያ ቤት ላይ አለመቀመጥ ነበረበት። ሰጋቱራ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

የፊደል ነገር ከተነሣ ጥራዙ መግቢያው ላይ ደንቡን አልጻፈም። ሥር ወይስ ስር? ጽድ፣ ፅድ ወይስ ጥድ? ቀርከሃ ወይስ ቀርቀሃ? ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ ዐ እና አ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ አንድ ይቆጠሩ የሚል አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ጽድና ጥድ፣ ቀርከሃና ቀርቀሃ ግን በዚህ ደንብ አይፈቱም፤ የሚለያዩበት ቤት በግድ መሻገር አለበት። ትርኳሽ ላይ ኳ አንድ ቤት እንደሚይዝም ፈቺው የሚያውቀው መልሱን ካየ በኋላ ነው። ስለ ትርኳሽ ከተነሣ፣ ፍም፣ ረመጥና ትርኳሽ የተለዩበት ፍንጭ ጥሩ ነው፤ ትርኳሽ ጫፉ ብቻ የነደደው እንጨት፣ ፍም ነበልባል ያጣው፣ ረመጥ አመድ ውስጥ የተሸሸገው።

ለሚፈታው ሰው፦ ሳድስን አትመኑ። ከዚያ ይልቅ ካዕብና ሳብዕ ያለባቸውን ቃላት አስቀድሙ፤ ምርጫውን በጣም ያጠብባሉ። ባለሦስት ቤት ሆኖ በሮ የሚጨርስ ከተገኘ ጥራዙ ውስጥ ያለው ጭራሮ ወይም ቀረሮ ነው፤ አንዱ እሳት ማያያዣ፣ ሌላው ግዙፍ ዛፍ፣ ፍንጩ ምንም ቢደነዝ ይለያቸዋል። በላ የሚጨርሱት ባለሁለት ቤቶች (ባላ፣ ዱላ፣ ሾላ) ግን ለመጨረሻ ይቆዩ። በእርሳስ ጻፉ። ቤቶቹ ጠባብ ስለሆኑ እንደ ጫ እና ኳ ያሉትን ለማስገባት ጫፉ የተሾለ እርሳስ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱም ስስ ነውና ላጲስ ሲደጋገምበት ይላጣል።

የዛፍና የእርሻ ገጾቹ ለተማሪዎችም ለአዋቂም ይሆናሉ። አናጢ ወይም የእንጨት ሥራ የሚማር ሰው መልሱን እንደ ማጣቀሻ አይያዘው፤ የአናጢ ቤቱ ገጽ እስኪታረም ድረስ ያሳስታል። መልሶቹ በየገጹ ግርጌ ተገልብጠው ስለታተሙ ሳያስቡት ዐይን ይገባሉ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ግርጌውን አጥፋችሁ በክሊፕ ያዙት።